ጥምን ዝም ማሰኘት፦ ማረጥ ሲቃረብ ስለ ውሃ



የዛሬው ርዕሳችን ውሃ ነው። «ውሃ ጠጡ» የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው እሱን ለመድገም እዚህ አላስቀምጣችሁም። የምነግራችሁ አርባ ዓመት ያለፋቸው ብዙ ሴቶች እየጠማቸው የማይጠጡት ለምን እንደሆነ፣ ይህም ምን እንደሚያስከትልባቸው ነው። መፍትሔው በከፊል በእነሱ እጅ፣ በከፊል ደግሞ በቤተሰባቸውና በአሠሪዎቻቸው እጅ ነው። ወንዶቹ እዚህ መገኘታችሁ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ስለየትኛው ዕድሜ እንደምናወራ እንግባባ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንዲት ሴት አረጠች የምትባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ከዚያ በፊት ግን ወሩ የሚዛባበት፣ ሰውነቱም መንገዱን የሚቀይርበት የመሸጋገሪያ ዘመን አለ። ይህ ቅድመ ማረጥ የምንለው ነው። ለአንዷ ሁለት ዓመት፣ ለሌላዋ ሰባትና ስምንት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዶች ገና በ30ዎቹ መጨረሻ ይጀምራቸዋል። በዚህ ዘመን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በሥርዓት አይወርድም። አንድ ሰሞን ከወትሮው በላይ ይወጣል፣ ሌላ ሰሞን ያሽቆለቁላል። ብዙዎቹ ምልክቶች የሚመጡት ከዚህ መዋዠቅ ነው።

ሙቀቱና ላቡ

ቡና ላይ እንገናኝ። ከሰሉ ተያይዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦል ተቀድቷል። የ47 ዓመቷ እመቤት ስኒ ስታቀብል ድንገት ከደረቷ የተነሣ ሙቀት ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ፊቷ ይወጣል። ልቧ ይመታል፤ ግንባሯና የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ነጠላዋን ከትከሻዋ ታወርድና «እስቲ በሩን ክፈቱት» ትላለች። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ላቡ ሲደርቅ ይበርዳታል፣ ነጠላውንም መልሳ ትከናነባለች። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ትላታለች፤ ሌላዋ «ወባ እንዳይሆን ተመርመሪ» ትላለች።

ምች አይደለም። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል፣ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ሰውነት በጥቂቱ ቢሞቅ ወይም ቢበርድ ይህ ክፍል ዝም ብሎ ያልፋል። ኢስትሮጅን ሲዋዥቅ ግን ትዕግሥቱ ያጥርበታል። ጀበናው ሳይገነፍል ገነፈለ ብላ ከእሳት እንደምታወርድ ቡና አፍይ፣ ለትንሽ ሙቀት ሰውነትን በሙሉ ለማቀዝቀዝ ይነሣል። በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ላብም ያስወጣል። ትኩስ ስኒ፣ የከሰል ግለት፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ድንጋጤ፣ እነዚህ ሁሉ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

አንዱ የሙቀት ማዕበል የሚያስወጣው ላብ ትንሽ ነው፤ ለእሱ ብላ ማንም ሴት ጆግ ሙሉ ውሃ መጠጣት የለባትም። ሌሊት የሌሊት ልብስና አንሶላ እስኪርስ የሚያልባት ሴት ግን ጠዋት የምትነሣው የጎደላትን ሳትተካ ነው። በዚህ ላይ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የምትኖር ከሆነ፣ በበጋው ደረቅ አየር በትንፋሿም ውሃ ታጣለች። ድሬዳዋ፣ ሠመራ ወይም ጋምቤላ ያለችው፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታልባለች።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ውሃ መጠጣት ይህን ሙቀት አያስቀረውም። የሙቀቱ ምንጭ ሆርሞን እንጂ ጥም አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ መጎንጨት ለጊዜው ያሳርፋል፣ በላብ የወጣውንም ይተካል። የውሃ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ሙቀቱ እንቅልፍና ሥራ የሚነሣት ሴት ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ሕክምና አለው።

ስንት ይበቃል?

«በቀን ስምንት ብርጭቆ» የሚለውን ቁጥር ሁላችሁም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ ለአዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ እንደሚበቃ ጻፈ። ከሥሩም የዚህ አብዛኛው ክፍል በምግብ ውስጥ እንደሚገኝ አከለ። ሰዎች የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይዘው ሁለተኛውን ረሱት።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር ብሏል። ይህ ከምግብም፣ ከማንኛውም መጠጥም የሚገኘውን ውሃ አንድ ላይ የሚቆጥር፣ መጠነኛ ሙቀት ባለበት ቦታ ለምትኖርና መጠነኛ ሥራ ለምትሠራ ሴት የተሰላ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከምግብ ይገኛል። የእኛ ማዕድም በዚህ አይታማም፤ የእንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፣ ወጡም፣ ሾርባውም፣ ቲማቲሙም፣ ብርቱካኑም ውሃ ያዘለ ነው። የቀረው ሲሰላ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ትንሽ ትርፍ ማለት ነው። ሻዩም፣ ወተቱም፣ አጥሚቱም ከዚሁ ይቆጠራል። ለሚያልባት፣ በቆላ ለምትኖር፣ እንጀራ ስትጋግር ለምትውል፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ለያዛት ሴት መጠኑ ይጨምራል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው ምልክት ሽንት ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መልካም። ጠቆር ያለ፣ መጠኑ ያነሰና ሽታው የከረረ ከሆነ ውሃ ጎድሏል። የቫይታሚን ክኒን ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ ሥር ቀይ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ብርቱካናማ ሊያደርጉት ስለሚችሉ እነዚህን የምትወስድ ሴት በቀለሙ አትደንግጥ።

ጥሙን ዝም የምናሰኘው ለምንድን ነው?

ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነገር ግን ጎልቶ የሚታየው በሽምግልና ነው። የ45 ወይም የ50 ዓመት ጤነኛ ሴት አንጎሏ አሁንም «ጠማኝ» ይላታል። ችግሩ ምልክቱን ሰምታ ዝም ማሰኘቷ ላይ ነው።

እስቲ አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ዕድሜዋ 48 ነው፤ አራት ልጆች ወልዳለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስትወጣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሽንቷ እንዳይመጣባት ስለምትፈራ ውሃ አልቀመሰችም። 2 ሰዓት ላይ ክፍል ትገባለች። ሦስት ክፍለ ጊዜ ቆማ ስታስተምር ጉሮሮዋ ይደርቃል። እረፍት 15 ደቂቃ ነው። የመምህራኑ መጸዳጃ ቤት አንድ ሲሆን ወንዱም ሴቱም ይጠቀምበታል፤ ቁልፉ ጽሕፈት ቤት ነው። ቁልፉን ለማምጣት እዚያ ተቀምጠው በሚያወሩት ሰዎች መካከል ማለፍ አለባት። ውስጡ ውሃ የለም። የወር አበባዋ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀኑን አይጠብቅም፣ ሲመጣም ይበዛል፤ የምትለውጥበትና የምትታጠብበት ቦታ የለም። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጅታለች፤ እስክትመለስ ድረስ አለመጠጣት።

7 ሰዓት ላይ ቤቷ ስትደርስ ራሷን ያማታል። ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ትገለብጣለች። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን ሙሉ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። መጨረሻ ላይም «ውሃ እኮ አይስማማኝም፣ ያመላልሰኛል» ብላ ትደመድማለች። እናንተም ይህን አባባል ከእናቶቻችሁ አፍ ሰምታችሁታል።

ይህቺ መምህርት ሰነፍ አይደለችም፤ የውሃን ጥቅም ልጆቹን የምታስተምረውም እሷው ናት። ጉልት የምትቸረችረው፣ የባንክ መስኮት ላይ የምትውለው፣ በረጅም ርቀት አውቶቡስ የምትሳፈረው ሴት ሁሉ ይህንኑ ስሌት ትሠራለች። የሚሸናበት ንጹሕ ቦታ በሌለበት «ውሃ ጠጪ» ማለት ግማሽ ምክር ነው።

ፊኛው ሲቆጣ

ስሌቱን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የሽንት መውጫውና የብልት አካባቢ ሥጋ ልስላሴውንና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከኢስትሮጅን ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ ሥጋው ይሳሳል፣ ይደርቃል። ሽንት ድንገት ያጣድፋል፤ ስትስል፣ ስታስነጥስ ወይም ጄሪካን ስታነሣ ጠብ ሊልባት ይችላል። ብዙ የወለደች፣ ምጧ የረዘመባት ሴት ደግሞ ፊኛዋን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ቀድሞውኑ የላላ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ውሃ መቀነስ ብልኅነት ይመስላል። ግን የወፈረና የከረረ ሽንት ፊኛን ስለሚያስቆጣ ማጣደፉን ያባብሰዋል። ሽንት ለረጅም ሰዓት ሲታገድም ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በቡልጋሪያ ተካሂዷል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውና በቀን ጥቂት ብቻ የሚጠጡ 140 ሴቶች ተመርጠው፣ ግማሾቹ በየቀኑ ከሚጠጡት ላይ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ እንደ ወትሯቸው የቀጠሉት በአማካይ 3.2 ጊዜ ሲታመሙ፣ የጨመሩት 1.7 ጊዜ ብቻ ታመሙ። ሴቶቹ ገና ያላረጡ ነበሩ፤ ስለዚህ ውጤቱ ዛሬ ለምንነጋገርላቸው እህቶች ቅርብ ነው።

አንዱ መድኃኒት ውሃውን መከፋፈል ነው። ጠዋት እንደተነሡ አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት። ሦስት ብርጭቆ በአንዴ የተቀበለ ፊኛ ሲያጣድፍ፣ ያው ውሃ በሦስት ሰዓት ተከፋፍሎ ሲመጣ ይታገሣል። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት መቀነስ ደግሞ ሌሊት ከመነሣት ያድናል። ሌሊት በላብ ርሳ ለምትነቃ ግን አልጋዋ አጠገብ ክዳን ያለው ኩባያ ይቀመጥላት፤ ሁለት ጉንጭ ይበቃታል።

ሁለተኛው መድኃኒት የጡንቻ ሥራ ነው። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ይህ እንቅስቃሴ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ከሥር ያለውን ጡንቻ ጨምድዶ አምስት ሰከንድ ያህል መያዝ፣ መልቀቅ፣ ይህንኑ አሥር ጊዜ መድገም ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ ሲያማስሉም ይቻላል፣ ማንም አያይም። ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ከተሠራ በኋላ ነው። ድርቀቱና ማጣደፉ ለባሰባትም ሐኪም የሚያዝላት፣ በቦታው ብቻ የሚሠራ የኢስትሮጅን ቅባት አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ለጤና ባለሙያ መናገር የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

ቡናው፣ ጠላው፣ ጾሙ

«ቡና ያደርቃል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡና የለመዱ 50 ወንዶችን በቀን አራት ኩባያ ቡና አጠጥተው፣ ውሃ ከጠጡበት ጊዜ ጋር ሲያነጻጽሩ በሰውነታቸው ውሃ ላይ ልዩነት አላገኙም። ለሴቶች ይህን እንዳለ መውሰድ ባይቻልም፣ በልክ የተጠጣ ቡና ውሃችንን ይዞ አይሄድም። የቡና ጣጣው ሌላ ነው፤ ትኩስነቱ የሙቀት ማዕበሉን ይጠራል፣ ካፌይኑ ፊኛን ያጣድፋል፣ ከሰዓት በኋላ ከተጠጣም የሌሊቱን እንቅልፍ ይነካል። ስለዚህ ቡናውን ጠዋት ማድረግ፣ የማታው ዙር ላይ ለወጉ አቦልን ተቀብሎ ቶናና በረካውን ለጎረቤት መተው ይበቃል። ከስኒው ጎን አንድ ብርጭቆ ውሃ የማቅረብ ልማድ ብንጀምር ደግሞ ደስ ይለኛል።

ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ያፍናሉ። ለብዙዎች ሙቀቱንም ይቀሰቅሳሉ። ለስላሳ መጠጥ ውሃ ቢኖረውም ስኳሩ በዚህ ዕድሜ ለሚጨምረው ክብደት አይበጅም። አምቦ ውሃ ይቆጠራል፤ ሶዲየም ስላለው ግን ደም ብዛት ያለባት የዘወትር መጠጥ አታድርገው።

ጾምን በተመለከተ ማንንም ከጾሙ ላስወጣ አልመጣሁም። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የማትቀምስ እናት፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት የምትጾም እናት፣ ውሃዋን በቀሩት ሰዓታት ከፋፍላ ማግኘት አለባት። ሲፈታ አንድ ጆግ በመገልበጥ ፈንታ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ መመገብ፣ ከዚያ እስከ መኝታ መጎንጨት ይሻላል። የተልባና የሱፍ ውሃ እዚህ ላይ ባለውለታ ናቸው፤ ተልባው በዚህ ዘመን ብዙ ሴቶችን የሚያስቸግረውን የሆድ ድርቀትም ያለዝባል፣ በቂ ውሃ ከታከለበት። ጨው የበዛበት ሽሮና በርበሬ በማግስቱ ጥምን ያከብዳል። ስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ማዞር ያለባት ሴት ከጾሙ በፊት ሐኪሟንም የንስሐ አባቷን ወይም ሼኳንም ታማክር። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ሥርዓት አላቸው።

ውሃ የማይፈታው

ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የልብ መምታት። እነዚህ የውሃ እጥረት ምልክቶች ናቸው፤ የደም ማነስም ምልክቶች ናቸው። በቅድመ ማረጥ የወር አበባ መብዛት የተለመደ ስለሆነ፣ ለወራት ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ውሃ ብትጠጣም አትበረታም፤ ደሟ ተለክቶ ብረት ሊያስፈልጋት ይችላል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም፣ ወይም 12 ወር ቆሞ ተመልሶ የመጣ ደም፣ ትንሽ ጠብታም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ብትጠጣም ብትጠጣም የማትረካ፣ ሌሊት ደጋግማ የምትሸና፣ ክብደቷም የሚቀንስ ሴት የደም ስኳሯን ትለካ። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ከትኩሳት ጋር የጎን ውጋት ካለም በውሃ ማስታመም አይገባም።

ውሃ ማብዛትም ልክ አለው። ጤነኛ ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ እየጨመሩ መሄድ የደምን ሶዲየም አቅጥኖ እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያደርሳል። ለደም ብዛት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስድ ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ደግሞ በሐኪሟ የተወሰነላትን መጠን ትከተል እንጂ የዛሬውን ንግግር አትከተል።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። በሸለቆው ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከዚህ ይበልጣሉ፤ ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፣ ለዓመታት ከተጠራቀመ አጥንትንም ይጎዳል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም። አጥንቷ በማረጥ ምክንያት መሳሳት ለሚጀምር ሴት «ብዙ ጠጪ» ከማለታችን በፊት ከየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የተመረመረ ምንጭ ወይም በንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለመጠጥ ይለይ።

ከማን ምን ይጠበቃል?

እህቶቼ፣ ከእናንተ የምጠብቀው ትንሽ ነው። አንድ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያዙ፤ ከቤት ስትወጡ ሙሉ ይሁን፣ እስከ ምሳ ጥቂት በጥቂት ይለቅ፤ ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ማታ ከመምሸቱ በፊት አንዴ ይሞላ። ወሩ መቼ እንደመጣ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሙቀቱ ከምን በኋላ እንደሚነሣ በደብተር ጫፍ ጻፉ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያ ወረቀት ይናገራል።

ወንድሞቼ፣ ሚስትህ በሌሊት መስኮት ስትከፍት «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ አትቆጣ። የተገለጠውን ብርድ ልብስ ወደ ራስህ ሳብና ተኛ። ጄሪካኑን ከቦኖ አንተ ወይም ልጁ ብታመጡት ደግሞ ለፊኛዋም ለወገቧም ሕክምና ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የገበያና የመናኸሪያ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ለእናንተ ሦስት ጥያቄ አለኝ። በመሥሪያ ቤታችሁ ለሴቶች የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት አለ? ውስጡ ውሃና የቆሻሻ መጣያ አለ? ቁልፉ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚገኝ ነው? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ «የለም» ወይም «አይደለም» ከሆነ መልሳችሁ፣ ሠራተኞቻችሁ በየቀኑ ጥማቸውን ዝም እያሰኙ ነው የሚሠሩላችሁ። ለዚህ ዓውደ ጥናት አያስፈልገውም። ነገ ጠዋት አንድ ቁልፍ፣ አንድ በርሜል ውሃና አንድ ባልዲ ይጀምረዋል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በአደባባይ ለመጠየቅ ያፈረች ካለች ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ትላክልኝ፣ ስም አያስፈልግም።